አልፎንሶ ኮርቲ፦ የመስሚያ ሕዋሳትን ሰልፍ ያሳየን ሐኪም

የመስማት ችግር ገጥሟቸው ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም የሄዱ ብዙ ቤተሰቦች አንድ እንግዳ ስም ሰምተው ይመለሳሉ፤ የኮርቲ አካል የሚል። ጉዳቱ ያለው እዚያ ላይ ነው ይባላሉ። ኮርቲ የበሽታ ስም ይሁን የመድኃኒት ሳይጠይቁ ይወጣሉ።

ኮርቲ የሰው ስም ነው። አልፎንሶ ኮርቲ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ጣሊያናዊ ሐኪም ሲሆን፣ ድምፅ ወደ ነርቭ መልእክት የሚለወጥበትን የጆሮ ክፍል በማይክሮስኮፕ አይቶ የሕዋሳቱን አደራደር ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር የገለጸ ሰው ነው። ሕይወቱንና ሥራውን ማወቅ ለሕመምተኛም ለቤተሰብም ይጠቅማል። እሱ ያየው ሰልፍ እንዴት እንደሚሠራ የተረዳ ሰው፣ የውስጥ ጆሮ አንዴ ከተጎዳ ለምን እንደማያገግምና ለምን አስቀድሞ መጠበቅ እንዳለበት ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመኳንንት ልጅ

ኮርቲ የተወለደው በጁን ወር 1822 በሰሜን ጣሊያን፣ ከፓቪያ ከተማ ብዙም በማትርቀው ጋምባራና በምትባል መንደር ነው። ያኔ ጣሊያን ገና አንድ አገር አልሆነችም፤ አካባቢው የሳርዲኒያ መንግሥት ግዛት ነበር። ቤተሰቡ ማዕረግና ርስት ያለው የመኳንንት ወገን ስለነበር፣ ልጁ መሬቱን እያስተዳደረ በምቾት መኖር ይችል ነበር።

ከአባቱ ወዳጆች አንዱ ግን አንቶኒዮ ስካርፓ ነበር። ስካርፓ በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ፣ በዘመኑ ስሙ የገነነ የአናቶሚ ሊቅ ሲሆን ስለ ጆሮና ስለ ነርቮች ብዙ አጥንቷል። ስካርፓ ያረፈው ኮርቲ ገና የ10 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ኮርቲም ካደገ በኋላ በዚያው በፓቪያ ሕክምና መማር ጀመረ። ከመምህራኑ መካከል ታዋቂው ባርቶሎሜዮ ፓኒዛ ይገኝበታል። ተማሪውን ከሁሉ በላይ የሳበው የሰውነትን ጥቃቅን ክፍሎች በማይክሮስኮፕ መመርመር ነበር።

በ1845 ትምህርቱን ለመቀጠል ወደ ቪየና ሄደ። እዚያ ዮሴፍ ሂርትል የሚባል፣ የሰውነት ክፍሎችን ለይቶ በማውጣትና አሳምሮ በማዘጋጀት የታወቀ መምህር አገኘ። ኮርቲ በ1847 በሐኪምነት ሲመረቅ የመመረቂያ ጽሑፉን ያዘጋጀው በሰው ላይ ሳይሆን በአንድ የበረሃ አርጃኖ የደም ሥሮች ላይ ነበር። ርዕሱ ለሕመምተኛ የሚጠቅም አይመስልም። ነገር ግን እንደ ጸጉር የቀጠኑ የደም ሥሮችን ሳይበጥሱ መከተል እጅን ያሠለጥናል፤ ይህ እጅ በኋላ ለጆሮው ሥራ አስፈለገው። ሂርትልም ችሎታውን አይቶ ረዳቱ አደረገው።

በ1848 አብዮት በመላው አውሮፓ ተቀጣጠለ። ቪየና የጦር ሜዳ ሆነች፤ የሂርትል ቤትና ለዓመታት ያከማቸው የአናቶሚ ስብስብም በዚያ ግርግር ጠፋ። ኮርቲ ከተማዋን ለቅቆ ወጣ። በስዊዘርላንድ፣ በፈረንሳይና በእንግሊዝ ያሉ ተመራማሪዎችን እየጎበኘ ከቆየ በኋላ በጀርመን ዉርዝቡርግ ከተማ በአልበርት ኬሊከር ቤተ ሙከራ ተቀመጠ። ኬሊከር በሕዋሳት ጥናት በዘመኑ ከነበሩት ቀዳሚዎች አንዱ ነበር። ኮርቲ የውስጥ ጆሮን ለማጥናት የወሰነው በዚህ ጊዜ ነው።

ሽምብራ የምታህል ጓዳ

የመረጠው ሥራ እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ጆሯችን ሦስት ክፍል አለው። ውጫዊው ጆሮ ድምፅን ሰብስቦ ወደ ታምቡሩ ያደርሳል። መካከለኛው ጆሮ በሦስት ጥቃቅን አጥንቶች አማካኝነት ንዝረቱን ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። ውስጠኛው ጆሮ ደግሞ ፈሳሽ የሞላበት፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠመዘዘ ክፍል አለው፤ ኮክሊያ ይባላል። ኮክሊያ ከትልቅ ሽምብራ ብዙም አይበልጥም። ሁለት ዙር ተኩል ያህል የተጠመዘዘ ሲሆን፣ ተዘርግቶ ቢለካ 35 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ይህች ጓዳ የምትገኘው ከሰውነታችን አጥንቶች ሁሉ እጅግ ጠንካራ በሆነው የራስ ቅል ክፍል ውስጥ ነው። አጥንቱን ለመክፈት ኃይል ያስፈልጋል፤ በውስጡ ያለው ግን እንደ እርጥብ የሸረሪት ድር የለሰለሰ ነው። ከሞት በኋላ ቶሎ ይበላሻል። ቢደርሱበትም ሁሉም ነገር ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ አንዱን ሕዋስ ከሌላው መለየት አይቻልም። ከኮርቲ በፊት የነበሩት አዋቂዎች የኮክሊያን ቅርጽ ያውቁ ነበር፤ ውስጧ ያለውን ዝርዝር ግን ማየት አልቻሉም።

ኮርቲ ችግሩን አንድ በአንድ ፈታው። ወደ ሆላንድ ኡትሬክት ሄዶ ከፒተር ሃርቲንግና ከሽሮደር ፋን ደር ኮልክ ዘንድ ለስላሳ የሰውነት ክፍል ሳይበላሽ የሚቆይበትን ዘዴ ተማረ። ከትንንሽ ነፍሳት የሚገኘውን ካርሚን የተባለ ቀይ ቀለም በመጠቀምም ሕዋሳቱን አቀላ፤ የሰውነትን ሕዋስ ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ በማየት ከቀደሙት ሰዎች አንዱ ያደርገዋል። ዛሬ ማንኛውም የላቦራቶሪ ባለሙያ ናሙና ሲመረምር ቀለም ይጠቀማል፤ ያኔ ግን አዲስ ነገር ነበር። ኮርቲ በዚህ መንገድ የሰውና የእንስሳትን ወደ 200 የሚጠጉ ኮክሊያዎች መረመረ።

ውጤቱን በ1851 በፈረንሳይኛ ጽፎ ኬሊከር በሚያዘጋጀው የጀርመን የሳይንስ መጽሔት ላይ አወጣ። ዕድሜው 29 ዓመት ነበር። በጽሑፉ ውስጥ የመስማት ነርቭ ሕዋሳት የተሰበሰቡበትን ቋጠሮ፣ የኮክሊያን ፈሳሽ የሚያመነጨውን በደም ሥር የበለጸገ ግድግዳ፣ በሕዋሳቱ ላይ እንደ ጣሪያ የተዘረጋውን ስስ ሽፋን፣ ከዚህ ሽፋን በታችም እንደ ምሰሶ የቆሙ ክፍሎችንና በረድፍ የተደረደሩ ሕዋሳትን ገለጸ። ያየው የተዘበራረቀ የሕዋስ ክምር አልነበረም፤ ከኮክሊያ ሥር እስከ ጫፍ ሳይዛነፍ የሚሄድ ሰልፍ ነበር። ኬሊከርም ይህን ክፍል በኮርቲ ስም ጠራው።

ኮርቲ ሁሉንም አላየም። ሕዋሳቱን ከሥር የሚይዙትን ደጋፊ ሕዋሳት በ1860 በዝርዝር የገለጸው ጀርመናዊው ኦቶ ዳይተርስ ነው፤ እነዚያ ሕዋሳት ዛሬም በስሙ ይጠራሉ። ዳይተርስ በ1863 ገና በ29 ዓመቱ በታይፎይድ ሞተ። ከዚያም ስዊድናዊው ጉስታፍ ሬትሲዩስ የበርካታ እንስሳትን የውስጥ ጆሮ በሥዕል አስደግፎ በሁለት ትልልቅ ቅጾች አሳተመ። የሁሉም መነሻ ግን የ1851ዱ ጽሑፍ ነበር።

ሰልፉ ምን ይመስላል?

የኮርቲ አካል በኮክሊያ ውስጥ ርዝመቱን ተከትሎ የተዘረጋ ስስ ንጣፍ ነው። በላዩ ላይ ጸጉር መሰል ሕዋሳት የሚባሉ የመስሚያ ሕዋሳት ቆመዋል። ስማቸውን ያገኙት በራሳቸው ላይ ካሉት ጥቃቅን ዘንጎች ነው፤ ከራስ ወይም ከጆሮ ቀዳዳ ጸጉር ጋር ምንም ዝምድና የላቸውም። በውስጠኛው በኩል አንድ ረድፍ፣ በውጭኛው በኩል ደግሞ ሦስት ረድፎች አሉ። በአንድ ጆሮ የውስጠኛው ረድፍ ሕዋሳት 3,500 ያህል፣ የውጭኞቹ ደግሞ 12,000 ያህል ናቸው። ሁሉም ተደምረው 15,000 ገደማ መሆናቸው ነው። ዓለምን የምንሰማው በእነዚህ ብቻ ነው።

በሁለት ጸጉር መሰል ሕዋሳት መካከል ሁልጊዜ ደጋፊ ሕዋስ አለ። ከላይ ሲታዩ የዳማ ሰሌዳ ይመስላሉ፤ ጥቁሩ ከጥቁር፣ ነጩ ከነጭ ጎን ለጎን አይገጥምም። የሕዋሳቱ ዘንጎችም በደረጃ ተደርድረው ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ።

ይህ አደራደር ለውበት አይደለም። ድምፅ ሲመጣ በኮክሊያ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይናወጣል፣ ንጣፉም ይወዛወዛል። ቀጭን ድምፅ ከመግቢያው አጠገብ ያለውን፣ ወፍራም ድምፅ ደግሞ ጫፉ አካባቢ ያለውን ክፍል ይበልጥ ያናውጣል። ንጣፉ ሲወዛወዝ ዘንጎቹ ይጎነበሳሉ፤ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ሲጎነበሱ በሕዋሱ ላይ ያሉ ጥቃቅን በሮች ተከፍተው መልእክቱ ወደ ነርቭ ያልፋል። የውጭኞቹ ሦስት ረድፎች በመኮማተርና በመዘርጋት ደካማውን ድምፅ ያጎላሉ፤ የውስጠኛው ረድፍ ደግሞ አብዛኛውን ወሬ ለአንጎል ያደርሳል። ሕዋሱ ያለ ቦታው ቢቆም ወይም ዘንጎቹ ወደ ጎን ቢያዩ፣ ሕዋሱ በሕይወት ቢኖርም ሥራውን በአግባቡ አይሠራም።

ጥለቱ በማኅፀን እንዴት ይሠራል?

ኮርቲ ያየው የተጠናቀቀውን ጨርቅ ነው። ሽመናው እንዴት እንደሚከናወን የታወቀው እሱ ካለፈ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በተለይ በአይጦችና በጫጩቶች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ነው።

በእርግዝና 4ኛው ሳምንት ገደማ በጽንሱ ጭንቅላት ግራና ቀኝ ያለው ቆዳ ይወፍራል፤ ከዚያም ወደ ውስጥ ጎድጉዶ እንደ ትንሽ ከረጢት ይዘጋል። ከዚህ ከረጢት አንድ ቱቦ ይበቅልና እየተጠመዘዘ ኮክሊያ ይሆናል፤ በ10ኛው ሳምንት አካባቢ ዙሩን ይጨርሳል። ጸጉር መሰል ሕዋሳት መለየት የሚጀምሩትም ከ10ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እናት ሆዷ ገና ሳይታወቅላት የልጇ የመስሚያ ሰልፍ መያዝ ይጀምራል ማለት ነው።

በመጀመሪያ በቱቦው ወለል ላይ ያሉ የአንድ መስመር ሕዋሳት መባዛት ያቆማሉ። በዚያ ሰዓት ሁሉም እኩል ናቸው፤ ማንኛቸውም ጸጉር መሰል ሕዋስ መሆን ይችላሉ። ቀጥሎ አቶህ 1 የሚባል ዘረ መል በውስጣቸው መሥራት ይጀምራል። ይህ ዘረ መል ሕዋሱን የመስሚያ ሕዋስ እንዲሆን የሚያዝዝ ነው፤ በ1999 በወጣ ጥናት ዘረ መሉ የሌላቸው አይጦች አንድም ጸጉር መሰል ሕዋስ እንዳላበቀሉ ታይቷል።

ሁሉም አንድ ዓይነት ቢሆኑ ግን ሰልፉ አይኖርም። ስለዚህ ትንሽ የቀደመው ሕዋስ በገጹ ላይ ምልክት ያወጣል፤ ጎረቤቱ ምልክቱን ኖች በሚባል ተቀባይ ተቀብሎ የራሱን አቶህ 1 ያጠፋል። የቀደመው ጸጉር መሰል ሕዋስ ይሆናል፣ የታዘዘው ጎረቤት ደጋፊ ሕዋስ ይሆናል። ይህ ንግግር በአይጦች ላይ ሲቋረጥ ከተገቢው በላይ ጸጉር መሰል ሕዋሳት ተፈልፍለው ሰልፉ ይዘበራረቃል።

ከዚያ ሕዋሳቱ ቦታቸውን ያስተካክላሉ። በገጻቸው ላይ እንደ ማጣበቂያ የሚሠሩ ፕሮቲኖች አሉ። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2011 እንዳሳዩት፣ ጸጉር መሰል ሕዋስ ከመሰሉ ይልቅ ከደጋፊው ሕዋስ ጋር አጥብቆ ይያያዛል፤ የዳማ ሰሌዳው መልክ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሕዋሳቱ እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ሲገቡ ንጣፉ ይጠባል፣ ይረዝማልም። በመጨረሻ ሌሎች ፕሮቲኖች በእያንዳንዱ ሕዋስ አንድ ወገን ተሰብስበው አቅጣጫ ያሲዛሉ፤ ዘንጎቹም ሁሉ ወደዚያው ይዞራሉ።

በዚህ ሥራ ላይ ከላይ ሆኖ የሚያዝ አለቃ ሕዋስ የለም። እያንዳንዱ ሕዋስ የሚነጋገረው ከጎረቤቱ ጋር ነው፤ ሰልፉ የሚገኘው ከእነዚያ ትንንሽ ንግግሮች ድምር ነው። ልጁ ከመወለዱ ከሦስት ወር ያህል በፊት ጆሮው ለድምፅ ምላሽ መስጠት ይችላል።

ሥራው ሲያልቅ በሩ ይዘጋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ወፎች የተጎዱ የመስሚያ ሕዋሳታቸውን መልሰው እንደሚያበቅሉ ታወቀ፤ የዶሮ ደጋፊ ሕዋስ ተባዝቶ ጸጉር መሰል ሕዋስ ሊሆን ይችላል። የሰው ልጅ ግን ይህ የለውም። ይዘን የተወለድነው 15,000 ገደማ ሕዋስ እስከ ዕድሜ ልክ የተሰጠን ነው፤ አንዱ ሲሞት በቦታው ጠባሳ እንጂ ሌላ አይተካም።

ከማይክሮስኮፑ ወደ ወይን እርሻው

ኮርቲ ታላቁን ሥራውን ባወጣበት በ1851 አባቱ ሞቱ። ማዕረጉና ርስቱ ወደ እሱ ስለተላለፈ ወደ አገሩ ተመለሰ። ለተወሰነ ጊዜ በቶሪኖ ሆኖ ምርምሩን ቀጠለ፤ በ1854 በአንድ ዝሆን አካል ላይ ያደረገውን የማይክሮስኮፕ ጥናት አሳተመ። ከዚያ ወዲህ የሳይንስ ጽሑፍ አላወጣም።

በ1855፣ በእኛ አገር ካሳ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው በነገሡበት ዓመት፣ ኮርቲ ማሪያ ቤቲንዞሊ የምትባል ሴት አገባ። ሴትና ወንድ ልጅ ወለዱ። ትዳሩ ግን 6 ዓመት ብቻ ቆየ፤ ማሪያ በ1861 ሞተች። ኮርቲ ሁለቱን ልጆች ይዞ ብቻውን ቀረ።

በዚህ ላይ ሕመም ተጨመረበት። መገጣጠሚያን የሚያጣምም ከባድ ቁርጥማት ያዘው፤ እያደርም አካሉን አሰነካከለው። በዘመኑ በሽታውን የሚያቆም መድኃኒት አልነበረም። ከጸጉር የቀጠነ ነገር ሳይበጥስ ሲያወጣ የኖረ ሰው በመገጣጠሚያ በሽታ ተያዘ። ዛሬ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በጊዜ ከመጣ በሽታውን የሚያዘገዩ መድኃኒቶች አሉ፤ ጠዋት ጠዋት ጣቶቹ ለረጅም ሰዓት የሚደርቁና የሚያብጡ ሰው ብርድ ነው ብሎ ዝም ሊል አይገባም።

ኮርቲ የመጨረሻዎቹን 15 ዓመታት ያህል በካስቴጆ አካባቢ ልጆቹን እያሳደገና የወይን እርሻውን እያለማ ኖረ። ዐፄ ዮሐንስ በጉራዕ ከግብፅ ጦር ጋር በተዋጉበት በዚያው በ1876፣ በኦክቶበር 2 ቀን፣ ኮርቪኖ ሳን ኪሪኮ በተባለች ስፍራ በ54 ዓመቱ አረፈ። ስሙ ግን በየአገሩ የሕክምና ትምህርት ቤት በየዓመቱ ይነሳል።

የኮርቲ ሥራ ለእኛ ምን ይነግረናል?

እኔ ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ በምሠራበት በቤቴልና በአካባቢው የኮልፌ ቀራንዮ ሰፈሮች፣ ልጃቸው የማይሰማ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው፤ ምን አጥፍቼ ነው? እርግማን የሚሉ አሉ፤ በእርግዝና የተቆጣሁት ቁጣ ነው የምትል እናትም አለች። ሰልፉ እንዴት እንደሚሠራ ስናውቅ መልሱ ይቀላል። ጥለቱ የሚሠራው በብዙ ዘረ መሎችና በሺዎች በሚቆጠሩ የሕዋስ ንግግሮች ነው፤ አንዷ ፊደል ስትሳሳት ልጁ ሳይሰማ ሊወለድ ይችላል። ይህ የማንም ኃጢአት አይደለም።

በዘር ከሚመጣው ድንቁርና አብዛኛው የሚከሰተው አባትና እናት ራሳቸው እየሰሙ የተበላሸውን ዘረ መል ሁለቱም ተሸክመው ሲገኙ ነው። ከዘመድ ጋር ጋብቻ ሲሆን ይህ ዕድል ይጨምራል። አባቶቻችን ሰባት ቤት ሲቆጥሩ የኖሩት ልማድ በዚህ በኩል ጠቀሜታ አለው፤ ሆኖም ባዕድ ከባዕድ ሲጋባም ሊያጋጥም ይችላል።

በሌላ በኩል የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶ ያህሉ ሊከላከሉት የሚቻል ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ልብ ይበሉ።

በእርግዝና ጊዜ፦ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚያዝ የጀርመን ኩፍኝ፣ እንዲሁም ቂጥኝና ሳይቶሜጋሎ የተባለ ቫይረስ የጽንሱን ጆሮ ይጎዳሉ። የእርግዝና ክትትልን በጊዜ ይጀምሩ፤ የቂጥኝ ምርመራ ያድርጉ። አዮዲን ያለው ጨው ይጠቀሙ፤ የኮክሊያ እድገት የታይሮይድ ሆርሞን ይፈልጋል፣ ሆርሞኑም ያለ አዮዲን አይሠራም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ምንም መድኃኒት አይውሰዱ።

መድኃኒቶች፦ ጀንታማይሲን፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ ካናማይሲንና አሚካሲን የተባሉ መርፌዎች በጸጉር መሰል ሕዋሳት ውስጥ ገብተው ሊገድሏቸው ይችላሉ። የሚጀምሩት ከመግቢያው ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው፤ ሕመምተኛው ቶሎ አያውቀውም። ቀደም ባሉት ዓመታት መድኃኒት ከተላመደ ቲቢ ለመዳን ለወራት መርፌ ከወሰዱት መካከል መስማት ያጡ ነበሩ። ዛሬ ሕክምናው በአብዛኛው በሚዋጥ መድኃኒት ሆኗል። እነዚህ መርፌዎች ሕይወት የሚያድኑባቸው ጊዜያት ስላሉ ሐኪም ሲያዝ እምቢ አይበሉ፤ ነገር ግን ጆሮዬ ይጮኻል ወይም ሚዛኔ ይዛባል የሚል ስሜት ከመጣ በዚያው ቀን ይናገሩ። የኩላሊት ሕመም ካለብዎ አስቀድመው ያሳውቁ።

ተላላፊ በሽታዎች፦ ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝና ጆሮ ደግፍ መስማትን ሊያጠፉ ይችላሉ። በጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጠው መደበኛ ክትባት ኩፍኝንና ማጅራት ገትር ከሚያመጡት ተህዋስያን ዋና ዋናዎቹን ይከላከላል። ልጅዎ ከማጅራት ገትር ካገገመ ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ወይም በወር ጊዜ ውስጥ መስማቱ ይመርመር። አዲስ የተወለደ ሕፃን ዓይኑና ቆዳው እጅግ ቢጫ ከሆነም ሳይውል ሳያድር ይታይ፤ ከባድ የወፍ በሽታ የመስማት መንገዱን ይጎዳል።

ጩኸት፦ ወፍጮ ቤት፣ ብረታ ብረት ቤት ወይም ድምፁ ከፍ ያለ ሙዚቃ ባለበት የሚሠሩ ሰዎች የጆሮ መከላከያ ይጠቀሙ። በክንድ ርቀት ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር የሚያስጮኽ ቦታ ለጆሮ አደገኛ ነው።

የቤት ውስጥ ሕክምና፦ ክብሪት እንጨት፣ የጸጉር ሽቦ፣ ዘይት ወይም የጤና አዳም ጭማቂ ጆሮ ውስጥ አይጨምሩ። መግል የሚፈስ ጆሮ በጊዜ ካልታከመ ታምቡርንና ጥቃቅኑን አጥንቶች ይበላል፣ አልፎም ውስጠኛውን ጆሮ ይደርሳል።

ልጅዎ እንደሚሰማ እንዴት ያውቃሉ?

አዲስ የተወለደ ሕፃን በድንገተኛ ድምፅ ይደነግጣል። በ3 እና በ4 ወሩ የእናቱን ድምፅ ሲሰማ ጸጥ ይላል። በ6 እና በ7 ወሩ ወደ ድምፁ ዞር ይላል። በአንድ ዓመቱ አንድ ሁለት ቃል ይሞክራል፤ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል ያገጣጥማል። ከእነዚህ አንዱ ከቀረ፣ ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው እያሉ አይጠብቁ። በቅርብዎ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ ከዚያ ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ወይም ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጆሮ ክፍል ሊላኩ ይችላሉ። በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚመከረው ሕፃን ሁሉ በ1 ወሩ የመስማት ምርመራ እንዲያደርግ፣ ችግር ያለበት በ3 ወሩ እንዲለይና በ6 ወሩ እርዳታ እንዲጀምር ነው። የአንጎል የቋንቋ ጊዜ አጭር ስለሆነ እያንዳንዱ ወር ዋጋ አለው።

ሕዋሳቱን መመለስ ባይቻልም የሚደረግ ነገር አለ። የቀሩ ሕዋሳት ካሉ የመስሚያ መሣሪያ ድምፁን ያጎላላቸዋል። ሕዋሳቱ ጨርሰው ከጠፉ በኮክሊያ ውስጥ በቀዶ ሕክምና የሚገባ መሣሪያ ነርቩን በቀጥታ ይቀሰቅሳል። አንድ የተወሰነ ዘረ መል ብቻ በተበላሸባቸው ልጆች ላይ የተሞከረ የዘረ መል ሕክምና አንዳንዶቹን እንዲሰሙ እንዳስቻለ በ2024 ተዘግቧል፤ ይህ ግን ሕዋሳቱ በቦታቸው ላሉ ልጆች እንጂ ለሁሉም አይሆንም። ልጁ ባይሰማም ቋንቋ አይከልከል፤ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ሙሉ ቋንቋ ነው፣ ቤተሰቡም አብሮ ሊማረው ይገባል።

አዋቂ ሰው አንድ ጆሮው በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ከተደፈነ ኩክ ነው ብሎ አይቆይ። አንዳንዱ ድንገተኛ የመስማት መጥፋት በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሚሰጥ መድኃኒት ሊሻሻል ይችላል፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ዕድሉ ይመነምናል።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ የቀረበ ሲሆን የሐኪም ምርመራን አይተካም። ስለ ልጅዎ ወይም ስለ ራስዎ ጆሮ ጥርጣሬ ካለዎት በዚህ ሳምንት ይመርመሩ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይሂዱ።